ጎንደር ላይ ጥርስ ማስሞላት

ጎንደር የሄድኩት ለዘመድ ሰርግ ነው። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው ስንወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁና የታች መንጋጋዬ ጠዘጠዘኝ። ሰርግ ቤት የነገርኩት ሁሉ «አስነቅለውና ተገላገል» ይለኛል። መዳን የሚችል ጥርስ ሲነቀል ግን እኔ ከልቤ አዝናለሁ።

ፒያሳ፣ በጣሊያን ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች ብዙም ሳልርቅ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሯ «መቦርቦሩ ነርቩ ጋ አልደረሰም፤ ይሞላል» ስትለኝ እፎይ አልኩ። ቢደርስ ኖሮ የሥር ሕክምና፣ ማለትም ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላት፣ ያስፈልገኝ ነበር።

ጥርስ መሳዩ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገርና ደቃቅ የመስታወት ብናኝ ነው። ቀለሙ የሚመረጠው ሥራው ሳይጀመር ነው። ጥርስ ሲደርቅ ስለሚነጣ፣ ዘግይቶ የተመረጠ ቀለም በኋላ አይመሳሰልም።

የማደንዘዣው መርፌ ትንሽ ወጋ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማችሁ ግፊትና የመሣሪያው ድምፅ ነው። የበሰበሰው ተጠርጎ ሲያልቅ አሲድ ያለበት ቅባት ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ማጣበቂያ ይደረጋል። ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፤ ምራቅ ከነካው ሙሌቱ በደንብ አይይዝም። ስለዚህ በጉንጬና በምላሴ በኩል ጥጥ ተደርጎ አፌን ከፍቼ ቆየሁ። መሙያውም በአንዴ አይጠቀጠቅም። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይደረግና በሰማያዊ መብራት 20 ሰከንድ ገደማ ይጠነክራል፤ ከዚያ ሌላው ይደረባል። ዶክተሯ አንዱንም አላጣደፈችውም። እንዲህ የሚሠራ ባለሙያ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ነክሼ፣ ከፍ ያለው ቦታ ተሞረደ። ደንዝዞ ሳለ ልዩነቱ በደንብ አይታወቅም። በማግስቱ ስትነክሱ ከፍ ካለባችሁ ሳታፍሩ ተመለሱ።

ከዚያ በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ከንፈሬ እንደደነዘዘ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጥጬ ሳይ ቆየሁ። በጣም ያምራሉ።

አክስቴ ቤት ስደርስ ቡና ተፈልቷል። «የኔ ዓለም፣ ጠጣ እንጂ!» አለችኝ። ኮምፖዚት በመብራቱ ወዲያው ስለሚጠነክር፣ አማልጋም እንደሚባለው ብርማ የብረት ሙሌት 24 ሰዓት ጠብቁ አይባልም። የሚያሠጋው ድንዛዜው ነው፤ ሳይታወቅ ጉንጭ ይነከሳል፣ ትኩስ ነገር ያቃጥላል። ሁለት ሦስት ሰዓት መታገሥ ነው። ቡናና ሻይ ሲበዛ ደግሞ ሙሌቱን ያጠቁረዋል። ጥርሱን ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ቢሰማው አያስደነግጥም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከመጣ ግን ሐኪም ጋ መመለስ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «የኔን እኮ ላስነቅለው ነበር» አለች። መጀመሪያ ራጅ ተነሥታ እንድታሳይ ለመንኳት። በማግስቱ ክሊኒኩ ሲከፈት አብረን በር ላይ ነበርን።