ከ27 ወደ 19

የምሠራው በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ መካከል ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። በርክሌይን የመሳሰሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍትን በደንብ ተጠቅመው ጥናት ለሠሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሽልማት ይሰጣሉ። እኛም ሐሳቡን ወስደን አነስ ያለ ውድድር ጀምረናል። አመልካቹ ጥናቱን፣ የዋቢ ዝርዝሩን፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤና መረጃውን እንዴት እንደፈለገ የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ያስገባል። ደብዳቤው ብዙም አያስቸግርም፤ ወረቀቱን ያላነበበ መምህርም ይጽፈዋል። ዋናው ነገር የፍለጋው ትረካ ነው።

ተማሪዎቻችን ግን እሱን እንደ ምስጋና ገጽ ያዩታል። «በቅድሚያ ፈጣሪዬን» ተብሎ ይጀመርና በአማካሪና በቤተሰብ በኩል ዞሮ «ቤተ መጻሕፍቱም ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጎልኛል» ላይ ያርፋል። የትኛው መደርደሪያ? የትኛው መጽሐፍ? እሱ የለም። አልፈርድባቸውም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መልሱን ሲጠየቁ ኖሩ እንጂ የት ላይ ግራ እንደገባቸው የጠየቃቸው የለም።

አንዲት የታሪክ ተማሪ ማመልከቻዋን እንድመለከትላት ይዛ መጣች። ጥናቷ ባቡሩ ከመጣ ወዲህ አቃቂ እንዴት እንዳደገች የሚያሳይ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነበር። የፍለጋ ትረካዋ ግን ያው ምስጋና ሆኖ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ይበቃል አይደል? ነገ እኮ ነው የሚዘጋው።»

«ስድስት ኪሎ የሄድሽውስ? የትብብር ደብዳቤ ያጻፍሽኝ ለምን ነበር?»

አቀረቀረች። «እሱማ ተሳስቼ ነው። እንዲታወቅብኝ አልፈልግም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ረቂቋ፣ ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ባቡሩ በገባ በ27 ዓመቱ ነው ብላ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰበትን 1909ን ያገኘችው ከአማርኛ መጽሐፍ፣ 1936ን ደግሞ ከቴሌግራም ካወረደችው የእንግሊዝኛ ፒዲኤፍ ነው። ቀነሰች፤ 27 መጣላት። አማካሪዋም አላስተዋለውም። ቆይቶ ሌላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባቡሩ በ1917 ደረሰ ሲላት አንዱ ጸሐፊ የተሳሳተ መሰላት፤ የቱ እንደሆነ ለማጣራት ደብዳቤዋን ይዛ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄደች። በእኛ አቆጣጠር በ1955 የተመሠረተው ይህ ተቋም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ የአማርኛውንና የውጭውን ጽሑፍ ጎን ለጎን ዘርግታ ስታነብ፣ የሌሎቹም ድርጊቶች ዓመታት አንዴ በ7 አንዴ በ8 ሲለያዩ አየች። የተሳሳተ ጸሐፊ አልነበረም። 1909 በእኛ አቆጣጠር፣ 1917 በፈረንጆቹ፣ ያው አንድ ዓመት ነው። ጣልያን የገባውም በእኛ በ1928 ስለሆነ ልዩነቱ 19 ዓመት ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ የፓስፖርት ቅጽ ስትሞላ የልደት ዘመኗን ለመቀየር ለአፍታ አትቸገርም። ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ ቁጥሩ ከታተመ መጽሐፍ ሲመጣ ግን «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ በጥናቷ ያለውን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሻ አርማለች። በውጭ ዳታቤዝ ያጣቻቸውን የአገራችንን ጸሐፊዎችም በአባታቸው ስም ስትፈልግ አግኝታቸዋለች። ከዚህ ሁሉ በማመልከቻዋ ላይ አንዲት ቃል አልነበረችም።

«ይህንን ነው የምትጽፊው» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! ደንቆሮ ናት ይሉኛል እኮ።»

«የታረመው ጥናት አብሮ እየገባ?»

እያጉረመረመች ሄደች፤ በማግስቱ ግን ምስጋናውን አውጥታ የ27ቱን ታሪክ ጽፋ አስገባች።

ዳኞቹ ሲሰበሰቡ ሰነድ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አንድ መምህር ገና የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዳነበቡ «ስህተቷን እየነገረችን ልንሸልማት ነው?» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት መምህርት መልስ አልሰጡም፤ የሌሎቹን አመልካቾች ወረቀት ሳብ አድርገው ዓመታቱ ላይ በእርሳስ ማስመር ጀመሩ። ሁለቱን አቆጣጠሮች ያደባለቀ ጥናት ሲያገኙ ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት፤ ሌላም አገኙ፤ ገፉት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በረደ።

ልጅቷ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛነቱን የወሰደው የአፈር ናሙና ያጠና ተማሪ ነው፤ የእሱ ሥራም የሚገባው ነበር። በዘንድሮው የማመልከቻ ቅጽ ላይ ግን አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «በጥናቱ ውስጥ የተጠቀሰ ማንኛውም ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ።» እንዲጨመር ያሳሰቡት እኚያው የተቃወሙት መምህር ናቸው።