እግራቸው መሬት የማይደርስ ተማሪዎች

ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ አገር ቤት ወርጄ ነበር። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ የአክስቴ ልጅ «እስቲ ነይና ሥራዬን እዪልኝ» ብላ ይዛኝ ሄደች። የ0 ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት፣ መምህርት ናት። መምህርት ስላት ራሷ ታርመኛለች፣ ወረቀቱ ላይ «አመቻች» ነው የሚላት።

ክፍሉ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዴስኮቹ ከትልልቆቹ ልጆች የተረፉ ናቸው። ልጆቹን መቁጠር ጀምሬ 68 ላይ ስደርስ ተንቀሳቀሱብኝና ተውኩት። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ አንዳንዱ ታላቁን ተከትሎ የመጣ አራት እንኳ የማይሞላው፣ አንድ ዴስክ ላይ አምስት ስድስት ሆነው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ግን መሬት አይደርስም። ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሲወዛወዝ ኮንጎ ጫማው ይወልቅና ጠብ ይላል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲሉ ከኋላ ጠብ። «ለ፣ ሉ» ሲሉ ደግሞ ከመስኮቱ በኩል ጠብ።

ግድግዳው ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ የፊደል ገበታ አለ። ጥግ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ቆርኪ። መቁጠሪያ ነው። ቆርኪውን ከየሻይ ቤቱ ለምና ያጠራቀመችው እሷ ናት።

አንዱ ጣቱን አወጣ። «ቲቸር፣ ሽንቴ!» አላት። ልጁን አፈፍ አድርጋ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «አንዴ ያዢልኝ» አለችኝ። ማንን ነው የምይዘው? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌጀር እንጂ 68 ሕፃን ይዤ አላውቅም።

እዚያው ቆሜ ያሰብኩት እንግዲህ የሙያዬን ነው። ብሩ የት ገባ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው የግል ባለሀብት፣ የእምነት ተቋማትና የድርጅቶች ሥራ ሆኖ ቀርቶ ነበር። መንግሥት ሥርዓተ ትምህርቱን ያወጣል፣ ደረጃ ይመዝናል፤ ገንዘቡ ላይ እምብዛም አልነበረበትም። ስለዚህ ኬጂ ማለት የከተማ ልጅ፣ የከፋይ ልጅ ማለት ሆነ። ገጠር ያለው ከቄስና ከቁርኣን ትምህርት ቤት ሌላ አማራጭ እምብዛም አልነበረውም። ከ2003 ወዲህ ግን 0 ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ቁጥሩ ተመነጠቀ። ቀድሞ ከመቶ ልጅ አሥሩ እንኳ ቅድመ አንደኛ በማይገባበት አገር፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግማሽ ገደማ ደረሰ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ማሳነስም አልፈልግም።

ግን በምን ተሠራ? ባለው ክፍል፣ ባለው ዴስክ፣ ባለው መምህር። አዲስ በጀት ሳይሆን የነበረው ተለጥጦ ነው። ፌዴራሉ ለክልል ይደጉማል፣ ክልል ለወረዳ ያከፋፍላል፣ ወረዳው ደሞዝ ይከፍላል። ደሞዝ ከተከፈለ በኋላ ሥራ ማስኬጃ የሚባለው የሚተርፈው ለጠመኔና ለወረቀት ቢበቃ ነው። በዚህች ትራፊ ላይ ደግሞ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ቀድመው ይሰለፋሉ። የ5 ዓመቱ ልጅ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፈተና አይፈተን፣ ውጤቱ በዜና አይነገር፣ ማን ያስታውሰው። የዘመዴ ደሞዝ ራሱ ከወላጅ መዋጮ ነው። ምርት ሲገባ ይሰበሰባል። ዘንድሮ ሲገባ ማለት ነው፣ ከገባ።

በ2010 ጂኪፕ-ኢ የሚባለው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ሲጀመር የ0 ክፍልን ጥራት ማሻሻል አንዱ ዓላማው ነበር። በጎ ነው። የፕሮጀክት ብር ግን ቀን አለው። ፕሮጀክት ሲያልቅ መጽሐፍና ግንባታ ይቀራል፤ የሰው ደሞዝ ግን በየወሩ የሚጠይቅ ስለሆነ ቋሚ በጀት ካልያዘው አይዘልቅም። ለዚህ ይመስለኛል ሁሉም ሰው ግንባታ የሚወደው። ሪባን የሚቆረጥለት ነገር በጀት አያጣም። ለረዳት ሞግዚት ሪባን የሚቆርጥ ግን አይቼ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ኡዝቤኪስታን፣ ታሽከንት ላይ በዩኔስኮ በተጠራው የዓለም ጉባኤ አገሮች ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ ለመመደብ፣ የመምህራኑንም ደሞዝ ቢያንስ ከአንደኛ ደረጃ መምህራን ጋር እኩል ለማድረግ ቃል ገብተዋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 10 በመቶው ነው። እኔን የገረመኝ ሁለተኛው ነው። አመቻች የምትባል ሴት ከመምህር እኩል ትከፈል ማለት ነው እኮ!

አዲስ አበባ ሌላ ዓለም ነው። ከንቲባ አዳነች አቤቤ ከተማዋን በአፍሪካ ልጅ ለማሳደግ ምርጥ ቦታ እናደርጋታለን ያሉበት የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም አለ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጅ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ በከተማው በጀት መሸፈን ከጀመረ ወዲህ፣ ድሮ «የመንግሥት ኬጂ?» ብሎ አፍንጫውን ይነፋ የነበረ ጎረቤት ሁሉ ዛሬ ለምዝገባ ሌሊት ይሰለፋል። እኔም ተሰልፌያለሁ፣ ጋቢ ለብሼ። የግል ኬጂ በየዓመቱ የሚጨምረውን ያየ አይፈርድብኝም። ልጄ ገባ፣ ይበላል፣ ክፍሉ ውስጥ ከቲቸሯ ሌላ ሞግዚት አለች። ሁለት ሰው። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ከተማም ሆኖ ግን ሁሉ ጋ አልተሳካም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። በዚያ አዋጅ እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበራት፣ ከዚያ የሦስት ወር ሕፃን ለማን ትታ ትመጣለች? እኔ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ታዲያ ማቆያ አለው። በሩ ላይ ድብ ተስሏል። ሪፖርት ላይ «ተቋቁሟል» ተብሎ ገብቷል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፣ ውስጡ የተበላሸ ፕሪንተር ተከምሯል። ሞግዚት ለመቅጠር መደብ አልተፈቀደም ነው ምክንያቱ። አያችሁ፣ ቀለም ተገዝቷል፣ ድቡን የሣለውም ተከፍሎታል። ልጅ የምትይዝ ሰው ብቻ ናት የጎደለችው። እኔም ያኔ ልጄን እናቴ ጋ ነው የተውኩት፤ እናቴ ጡረታ ወጥታ ነበር፣ ሁለተኛ ሥራ ጀመረች በሉት። ያለ ደሞዝ።

በ2015 የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል። አንዱን ዓመት በቆርኪ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ሲጨመርለት ሌላ ክፍልና ሌላ ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። ያቺን ሰው ማን ይቀጥራል? ወረዳው? ወላጅ? የበጀት ረቂቅ ሲቀርብ እኔ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፦ የ0 ክፍል መምህርትና ረዳት ደሞዝ፣ ቋሚ። ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው የተጻፈ፣ ከዓመት ዓመት ቆጥሬ «ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ» የምለው። የሒሳብ ሰው ነኝ ብያለሁ።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ዘመዴ ስትመለስ አሥር ደቂቃ ሆኗታል፤ መፀዳጃው ሩቅ ነው፣ ውሃውም ከዚያ ይርቃል። ልጁ አልደረሰም ነበርና ሱሪውን አጥባ፣ ነጠላዋን አገልድማው ነው ያመጣችው። እኔ ያኔ ቆርኪውን በትኜ አስቆጥራለሁ ብዬ ክፍሉን ገበያ አድርጌዋለሁ፤ ሁለቱ ይደባደባሉ፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሦስት ደግሞ በሩን አልፈዋል። አልተቆጣችም። ሱሪውን መስኮቱ ላይ አሰጣች፣ ያመለጡትን ሰበሰበች፣ ከወለሉ ላይ አንድ ኮንጎ ጫማ አንስታ ከፍ አደረገች።

«ይሄ የማን ነው?»

አርባ የሚሆን እጅ ወጣ።