ተገናኝቷል ይላል፣ መልእክት ግን የለም

የሕንጻችን የውሃ ታንከር ላይ ሴንሰር አለ። የውሃውን መጠን በኤምኪውቲቲ (ትናንሽ መሣሪያዎች አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ይልካል። እኔ ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ፣ ውሃው ሲቀንስ ጥበቃው ፓምፑን እንዲያበራ በቴሌግራም የሚያሳውቅ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ቤት ባለችው ትንሿ ኮምፒውተር፣ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ይሠራል። መልእክቱን ከሴንሰሩ ተቀብሎ ለፕሮግራሙ የሚያደርሰው ብሮከር ሞስኪቶ ሲሆን ያለው የተከራየሁት ሰርቨር ላይ ነው።

መብራት ይጠፋል፣ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። መልሶ መገናኘቱን ፓሆ የሚባለው የኤምኪውቲቲ ላይብረሪ ራሱ ይጨርሰዋል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሎጉ "ተገናኝቷል" ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን ጭጭ። ክሊን ሴሽን (ግንኙነቱ ሁሌ ከባዶ እንዲጀምር የሚያደርግ ቅንብር) ከበራ መስመሩ ሲቋረጥ ብሮከሩ ምን ሰብስክራይብ እንዳደረግን፣ ማለትም የትኛውን መልእክት ላክልን እንዳልን ይረሳል። ስለዚህ የሰብስክራይብ ትእዛዙን ኦን ኮኔክት ፈንክሽን ውስጥ አስገባሁት። ይህ ፈንክሽን ግንኙነት በተሳካ ቁጥር ይጠራል።

ሁለተኛው ጣጣ የሞተ መስመር በሕይወት ያለ መምሰሉ ነው። ራውተር ድንገት ሲጠፋ ማንም ተሰናብቶ አይሄድም። ፕሮግራሙ መስመሩ ያለ መስሎት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን የሚያጋልጠው ኪፕ አላይቭ ነው፤ መስመሩ ለዚህን ያህል ሰከንድ ዝም ካለ ፕሮግራሙ ፒንግ (አለህ ወይ የሚል አጭር መልእክት) ይልካል። የፓሆ ነባሪው 60 ሰከንድ ነው፤ እኔ 30 አደረግኩት። ብሮከሩ በበኩሉ የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 45 ሰከንድ ጠብቆ ምንም ካልሰማ መስመሩን ይዘጋል። የፒንጉ መልእክት ራሱ 2 ባይት ስለሆነ ዳታ ይበላል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

በመሃል ያመለጠውስ? ክላይንት አይዲውን (ብሮከሩ ፕሮግራሙን የሚለይበትን ስም) ቋሚ አድርጎ፣ ክሊን ሴሽንን አጥፍቶ፣ በኪውኦኤስ 1 (መልእክቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲደርስ የሚያደርግ ደረጃ) ብሮከሩ እንዲያስቀምጥልን ማድረግ ይቻላል። ለክፍያ ወይም ለትእዛዝ መልእክት ይህ ግድ ነው። ያኔ አንድ መልእክት ሁለቴ ሊመጣ ስለሚችል መለያ ቁጥሩን ማጣራት አይቀርም። ለታንከር ግን ከሁለት ሰዓት በፊት የነበረ ልኬት ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ በሪቴይን እንዲልክ አደረግኩ፤ ብሮከሩ የመጨረሻውን መልእክት ይዞ ሰብስክራይብ ሳደርግ ወዲያው ይሰጠኛል። ሆኖም ሴንሰሩ ራሱ ከሞተ ብሮከሩ የድሮውን ቁጥር እንደ አዲስ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ብዬ በየመልእክቱ ሰዓት ጨመርኩ፤ የቆየ ከሆነ ፕሮግራሙ ውሃ አለ ከማለት ይልቅ "ሴንሰሩን እዩት" ይላል።

ስትሞክሩት ፕሮግራሙን በኮንትሮል ሲ አታቁሙት፤ እሱ በወጉ የተዘጋ መስመር ነው። ፓይዋ ላይ በአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ወደ 1883 ፖርት፣ ማለትም ወደ ብሮከሩ የሚሄደውን ሁሉ ድሮፕ አድርጉ (ያለ መልስ ይጣል)። ኪፕ አላይቩ እስኪነቃ ጠብቁና ክፈቱት። ከዚያ ሎጉ "ተገናኝቷል" ማለቱን ሳይሆን አዲስ ልኬት መግባቱን እዩ።