ቢኤንፒው ከፍ ስላለ ልብ ነው?

ድሬ ላይ በግንቦት ሙቀት «ትንፋሽ አጠረኝ» የማይል የለም። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሚገባው ሰው ግን ሌላ ነው፤ ኦክስጅን ተደርጎለትም ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያቆማል። ልብ ነው? ሳንባ ምች? ወይስ እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ? አንዳንዴ ተደራርበው ይመጣሉ፣ በማዳመጫ ብቻ መለየት ደግሞ ይከብዳል።

ለዚህ ነው ቢኤንፒ የሚባለውን የደም ምርመራ የምወደው፤ የሚለካውም በዚሁ ስም የሚጠራ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ከአሳማ አንጎል ነው፣ ዋና ምንጩ ግን ልብ ሆኖ ተገኘ። የልብ ጓዳ ሲወጠር ወደ ደም ይለቀቃል። ድንገት ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከ100 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከወጣ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከቢኤንፒ ጋር አብሮ ለሚለቀቀው ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ መስመሩ 300 ነው።

ጣጣው ከፍ ሲል ነው። አይሲዩ ውስጥ ቢኤንፒን ከፍ የማያደርግ ምን አለ? የኩላሊት ድክመት፣ ሴፕሲስ (ሰውነትን የሚጎዳ ከባድ ኢንፌክሽን)፣ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም፣ ዕድሜ ራሱ። ውፍረት ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ያደርገዋል።

አስታማሚው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። «አቦ ዶክተር፣ ይሄ እኮ ሺ አልፏል፣ የአባቴ ልብ አለቀለት ማለት ነው?»

«አይደለም ወንድሜ፣ ኩላሊታቸውም ደክሟል። ልባቸውን በአልትራሳውንድ እንየው።»

ዝቅ ሲልም ሁሌ አልተኛለትም። እኛ አገር በሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ በሚመጣ የልብ ጉዳት) ሚትራል ቫልቭ፣ ማለትም በግራ የልብ ጓዳዎች መካከል ያለው በር፣ የጠበበባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ደሙ የሚታገደው ግራው የታችኛው የልብ ጓዳ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ ያ ጓዳ ብዙም አይወጠርም፣ ቁጥሩም ከጠበቅነው በታች ሊወጣ ይችላል፣ ልጅቷ ግን ሦስት ትራስ ደርባ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው።

ሌሎቹ የደም ምርመራዎችም እንዲሁ ናቸው። ፕሮካልሲቶኒን ከፍ ሲል ባክቴሪያን ያስጠረጥራል፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላም ግን ይጨምራል። እኔ አንቲባዮቲክ መቼ ይቁም ለሚለው ነው የምፈልገው። የደም መርጋትን የሚያስጠረጥረውን ዲ ዳይመርን እዚህ ባላዘው እመርጣለሁ፣ አይሲዩ የተኛ ሰው አብዛኛው ከፍ ይልበታልና።

ምርመራው ከሆስፒታሉ ውጪ ከተላከ ደግሞ የሚከፍለው አስታማሚው ነው። ስለዚህ እግር አብጦ፣ የአንገት ደም ስር ተገትሮ፣ አልትራሳውንዱም ሳንባ ውስጥ ውሃ ካሳየኝ ቢኤንፒ አላዝም። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ እጀምራለሁ፤ ገንዘቡ ለፖታሲየምና ኩላሊትን ለሚያሳየው ለክሬቲኒን ምርመራ ቢውል ይሻላል፣ እነሱን ነገ ጠዋት ማየቴ አይቀርም።