ከታይዋን ገበያ የዳይፖል ሽቦ

ዛሬ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ለአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ለፍቅሩ የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) አንቴና የሚሆን ሽቦ ፍለጋ ዋልኩ። አንቴና ባልኩ ቁጥር የሚመጣልኝ የዲሽ ሳህን ነው! «ወንድሜ፣ ይኼ ሁሉንም ቻናል ይስባል» አለኝ አንዱ።

እኔ የምፈልገው ተራ የመዳብ ሽቦ ነበር። ለ14.2 ሜጋኸርዝ ዳይፖል (መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ የሽቦ አንቴና) በጠቅላላው 10 ሜትር ገደማ፣ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሜትር ይበቃል። አንቴናውን ከሬዲዮው የሚያገናኘውን ገመድ ብዙዎች 50 ኦም ካልሆነ ይላሉ፤ የዳይፖል የራሱ ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ግን ወደ 73 ኦም ስለሚጠጋ የቴሌቪዥኑ 75 ኦም ኬብል ደኅና አድርጎ ይሠራል። ሻጩ የርካሹን ኬብል ጫፍ ልጦ ሲያሳየኝ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል፤ መለስኩለት። ወፈር ያለውን ተከራክሬ ወሰድኩ (በድሬ ፀሐይ መከራከር ራሱን የቻለ ሥራ ነው)።

የተረፈው ብር ለሬዲዮው ነው፤ የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ ሳይወጣ ግን አልገዛም።