የይግባኝ ጠበቃው ዝም ያለው ነገር

ትላንት ማታ ጣና ዳር ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን ነበር፣ አሜሪካ የታሰረው ልጇ ይግባኙ ውድቅ ሆነ ከተባለ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። «እንግዲህ አለቀ በቃ?» ትለኛለች። አላለቀም እትዬ አልኳት።

ልጁ በስልክ እንደነገረኝ የመጀመሪያው ጠበቃ ችሎት ላይ አንድ ማስረጃ አይያዝብን ብሎ ተከራክሯል፣ ዳኛው አልተቀበለውም፣ መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ፣ የይግባኙ ጠበቃ ግን እሱን ትቶ ስለ ቅጣቱ መብዛት ብቻ ጽፎ አስገባ። ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ።

እዛ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢቪትስና ሉሲ በሚባለው ክስ፣ ለመጀመሪያው ይግባኝ ጠበቃ መኖሩ ብቻ አይበቃም ስራውን በአግባቡ መስራት አለበት ብሏል። መለኪያው ደሞ ስትሪክላንድ በሚባለው ክስ በ1984 የተሰጠው ውሳኔ ነው፣ ጠበቃው ከሚጠበቅበት በታች መስራቱን ታስረዳለህ፣ ከዛ ባያጠፋ ኖሮ የይግባኙ ውጤት ይለወጥ ነበር የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ታሳያለህ። ከባዱ ሁለተኛው ነው። ጠበቃ ደሞ ሁሉንም ነጥብ የማንሳት ግዴታ የለበትም፣ መምረጥ ይችላል፣ ስለዚህ «ይሄን ረሳ» ብቻ ማለት አያዋጣም፣ የተተወው ነጥብ ከተጻፈው በግልጽ እንደሚበልጥ ከመዝገቡ ማሳየት ያስፈልጋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። በጠበቃው ላይ ያለውን አቤቱታ መጀመሪያ በግዛቱ ፍርድ ቤቶች መጨረስ አለበት፣ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመሄድ ደሞ በጥቅሉ የተሰጠው አንድ ዓመት ነው።

ዛሬ ጠዋት ሲደውል የችሎቱን ግልባጭና የይግባኙን ጽሁፍ ሙሉውን ጠይቅ፣ ዛሬውኑ አልኩት። አክስቴ ስልኩን ተቀብላ «በላህ ወይ ልጄ?» አለችው።