የመዝገብ ቤቷ እትዬ እና የድሮው ፎቶ ቪወር

አይቲ ሰፖርት ሆኜ በምሰራበት መስሪያ ቤት የዊንዶውስ 7 ማሽኖችን አንስተን በዊንዶውስ 10 ስንተካ በጣም ያስቸገሩት መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ናቸው ይባል ነበር። ማሽናቸው እንደተቀየረ "የድሮውን ፎቶ መክፈቻ መልሱልኝ" አሉ፣ ደግመው ደጋግመው አሉ፣ የሚሰጣቸው መልስ ግን አዲሱ ይሻላል ቀስ እያለ ይለመዳል ነው። እድሜያቸው ገፋ ስላለ ሰዉ ሁሉ ለውጥ ከብዷቸው ነው ብሎ ደመደመ።

ከዛ የሆነ ቀን ግዢ ክፍል አንድ የቆየ ውል ፈልጎ ስካን የተደረገውን ፋይል ሲከፍት የሚታየው የመጀመሪያው ገፅ ብቻ ሆነ። ፊርማና ማህተም ያለበት ገፅ የለም። ሌላ ውል ከፈቱ እሱም አንድ ገፅ፣ ሌላም ያው። ወዲያው "መዝገብ ቤት ስካን ሲያደርግ የኖረው የፊት ገፅ ብቻ ነው" የሚል ወሬ ተነሳ፣ እትዬም በፅሁፍ ማብራሪያ ስጡ ተባሉ። እኔን የጠሩኝ ስካነሩ ተበላሽቶ ከሆነ እንዳይ ነበር።

ፕሮፐርቲስ ገብቼ የፋይሉን መጠን ሳይ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። በጥቁርና ነጭ ስካን የተደረገ የፅሁፍ ገፅ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል አይነት ሲቀመጥ በደንብ ይጨመቃል፣ አንዱ ገፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎባይት አያልፍም፣ ይሄ ፋይል ግን ከዛ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ታዲያ ውስጡ ምን አለ? እትዬ አጠገቤ ቆመው "ልጄ ገፆቹ እኮ እዛው ናቸው፣ በድሮው እየገለበጥኩ ነበር የማያቸው፣ ይሄኛው መገልበጫ የለውም፣ እስከዛሬ ስጮህ የከረምኩት ይሄንኑ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቲፍ በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ገፅ መያዝ ይችላል፣ ፋክስና የቢሮ ስካነር ድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበትም ለዛ ነው። እትዬ የድሮው የሚሉት፣ ከዊንዶውስ 7 ጋር በ2009 የመጣው ፎቶ ቪወር ገፆቹን አንድ በአንድ ያሳያል። ያኔ የዊንዶውስ 10 ማሽኖቹ ላይ የነበረው አዲሱ መክፈቻ፣ ፎቶስ አፕ፣ ግን የመጀመሪያውን ገፅ ብቻ አሳይቶ ዝም ይላል፣ ሌላ ገፅ እንዳለም አይጠቁምም። እኔን ያናደደኝ ዝምታው ነው፣ ፋይሉ አልከፈት ቢል እኮ ሰው ይጠይቃል፣ ግማሹን ከፍቶ ሙሉ መስሎ ሲታይ ግን ጥፋቱ የሚለጠፈው ሰው ላይ ነው።

የሚገርመው ፎቶ ቪወር ከዊንዶውስ 10 አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው ያለው። ለጄፔግ ምናምን ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መነካካት ይፈልጋል፣ ለቲፍ ግን የትኛው ፋይል በምን እንደሚከፈት የሚመረጥበት ዲፎልት አፕስ ውስጥ ገብቶ መምረጥ ይበቃል። መረጥኩት፣ ውሉ እስከ መጨረሻው ገፅ ከነማህተሙ ቁጭ አለ። የግዢ ኃላፊውን ጠርተን አሳየነው፣ ማብራሪያ ስጡ የሚለው ደብዳቤም ተሻረ፣ እትዬም ይቅርታ ተጠየቁ፣ ሊጠየቁም ይገባ ነበር።

ከዛ ትንሽ ተቀምጬ አሰራራቸውን አየሁ። ፋይል ይከፍታሉ፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ይፅፋሉ፣ በቀስት ቁልፉ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ፣ ኪቦርዱን ዞር ብለውም አያዩትም፣ እጃቸው ያውቀዋል። ፎቶስ ሲሆን በዛ ደካማ ማሽን ላይ እስኪከፈት መጠበቅ አለ፣ አልበም አለ፣ ማሳመሪያ አለ፣ እሳቸው ደግሞ ከዛ ውስጥ አንዱንም አይፈልጉትም። ቀኑን ሙሉ ፋይል ለሚከፍት ሰው ይቺ ትንሽ መዘግየት ተጠራቅማ ስንት ሰዓት እንደምትበላ አስቡት።

ይሄ የእሳቸው ብቻ ጉዳይም አይደለም። በ2017 ማይክሮሶፍት የድሮውን የስዕል ፕሮግራም ፔይንትን ከማያሳድጋቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባው ሰዉ በጣም ስለጮኸ አይጠፋም ብሎ ቃል ገባ፣ ሊተካው የመጣው ፔይንት ስሪዲ ደግሞ በ2024 ከማይክሮሶፍት የአፕ ማውረጃ ስቶር ወጣ፣ የድሮው ፔይንት አሁንም አለ፣ በ2023 ሌየር (ስዕልን በንብርብር መስሪያ) ሁሉ ተጨምሮለታል። በነፃነት ሲመርጥ ሰው የሚሄደው ስራው ቶሎ ወደሚያልቅበት ነው ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ድሮ የሆነ ሁሉ ይሻላል አልልም። ፎቶ ቪወር አንዳንድ ምስል ላይ በቂ ሜሞሪ የለም ብሎ እምቢ ይላል፣ ሜሞሪው ሞልቶ እያለ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ የምስሉ የቀለም ፕሮፋይል ነው። ስለዚህ ለሌሎቹ ምስሎች ፎቶስን ተውኩላቸው፣ ቲፍን ብቻ መለስኩ፣ በዛው ተስማማን።

በኋላ ወደ ዊንዶውስ 11 ስንሸጋገር ማሽን ከመንካታችን በፊት በየክፍሉ እየሄድን ምን በምን እንደሚከፍቱ ጠየቅን። እትዬ ጋ ስንደርስ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ በነበረው ቀላል የፅሁፍ ፕሮግራም በወርድፓድ የተፃፉ የደብዳቤ ፎርሞች አወጡ፣ ወርድፓድ ደግሞ 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ጀምሮ ከዊንዶውስ ወጥቷል። ፎርሞቹን በወርድ ከፍተን አሰላለፋቸውን እሳቸው ራሳቸው እያዩ አስተካከልን፣ ማሽኑ የተቀየረው ከዛ በኋላ ነው።